ቀዩ መርፌና ነጩ መርፌ

እናቴ ዕድሜዋን አታውቅም ነበር። ይህ በእኛ አገር የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ በቢቸና ከእሷ እኩዮች መካከል የተወለደበትን ዓመት የሚያውቅ ቢፈለግ በጣት የሚቆጠር ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ እሷ የማታውቀውን ዕድሜ፣ እሷን የማያውቋት ሦስት ሰዎች ፊቷን አይተው ሊነግሯት መምጣታቸው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ እኔ ደግሞ እዚያው ቢቸና የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። አባቴ ገና በሕፃንነቴ ስለሞተ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ እናቴን ጠራና በፋይሏ ላይ የዕድሜ ቦታው ባዶ እንደሆነ ነገራት። ከደብረ ማርቆስ ኮሚቴ ይመጣል፤ ማስረጃ የሌለውን ሠራተኛ እያየ ዕድሜውን ይገምታል፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል የተባለ ሥራውን ይለቃል። እናቴ ከተቀጠረች ገና ሰባት ዓመቷ ነው። አሥር ዓመት ያላገለገለ ደግሞ ወር በወር የሚቀበለው ጡረታ የለውም። የምስጋና ደብዳቤውን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ነው።

በእኔ ግምት እናቴ አርባ ሦስት ቢሆናት ነው። እኔን የወለደችኝ በአሥራ ስድስት ዓመቷ እንደሆነ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ፊቷ ግን የሚለው ሌላ ነው። ግንባሯ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሦስት የጠለቁ መስመሮች ነበሩ፤ የዓይኖቿ ጥግ ተሸብሽቧል፤ ከአፍንጫዋ እስከ አፏ ግራና ቀኝ ጉድጓድ ወርዷል። ከመቀጠሯ በፊት እኔን ያሳደገችኝ ወንዝ እየወረደች የሰው ጋቢና ቀሚስ በእንዶድ በማጠብ ነው። ዓመት ከዓመት ፀሐይና ነፋስ ላይ የዋለ ፊት ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

በማግስቱ ሥራዬን ጥዬ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሮጥኩ። መምሬ አልሰነፉም፤ መቼ ክርስትና እንደተነሣች ጽፈው ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። ጸሐፊው ወረቀቱን ገልጦ እንኳን ሳያነብ መለሰልኝ።

«የቤተ ክርስቲያን ወረቀት አንቀበልም» አለኝ።

«እኔ ልመስክርላት» አልኩት።

«ልጅ ለእናቷ አትመሰክርም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትቀበሉት?»

«ፊት ነዋ። እነሱ ልምድ አላቸው፤ ሲያዩ ያውቃሉ።» ይህን ሲናገር ትንሽ እንኳን አላፈረም። እኔ ነኝ እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፍቼ የወጣሁት። በዚያ ዘመን ቢሮ ገብቶ መጮኽ ምን እንደሚያስከትል ማንም ያውቅ ነበርና ቁጣዬን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የመርፌውን ነገር ያመጣችው ጎረቤታችን ናት። ያኔ በእኛ አገር ሕክምና ማለት መርፌ ነው፤ ኪኒን ብቻ ተሰጥቶት ከክሊኒክ የወጣ ሰው «ምንም ሳያደርጉልኝ ሰደዱኝ» እያለ ነበር የሚያወራው። ጎረቤታችን እንደነገረችን፣ በፊት በጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊ፣ የነበሩና ቢቸና ቤታቸው ውስጥ ሰው የሚወጉ ሽማግሌ፣ የእህቷን የገረጣና የተሸበሸበ ፊት በቀይ መርፌ መልሰው ሞልተውታል። እናቴም ገበያ ላይ የሰማችው ነበራት፤ ሞጣ ውስጥ ነጭ መርፌ የሚወጋ ሰው አለ፣ የእሱ ደግሞ ከቀዩ ይፈጥናል ይባላል። ሁለቱ ሴቶች ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ቀዩ ይሻላል ነጩ ይሻላል እያሉ በርበሬ እንደሚመርጥ ሰው ሲያማርጡ ሰማሁና ሳቅ አመለጠኝ።

«ለሽብሽብ የሚሆን መርፌ የለም እማየ» አልኳት።

እናቴ አልሳቀችም። «አንቺ ትምርት ቤት እንዴት እንደገባሽ ረሳሽው?» አለችኝ።

አልረሳሁትም። ያኔ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ዕድሜው የሚታወቀው በክንዱ ነው፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን መንካት አለበት። የእኔ አልደረሰም ነበር። ምዝገባው እስኪደርስ እናቴ ጠዋት ጠዋት ክንዴን ቅቤ ቀብታ በአናቴ ላይ ትስበው ነበር። እንዶድና ቀዝቃዛ ውሃ ያሻከራቸው ጣቶቿ ፀጉሬ ላይ ያዝ ያዝ እያደረጉ ያሳምሙኝ ስለነበር አለቅስ ነበር። እሷ ግን አትተወኝም። በምዝገባው ቀን የመሐል ጣቴ የጆሮዬን ጫፍ ነካ፤ መዝጋቢውም ሰባት ብሎ ጻፈኝ። ስድስትም አልሞላኝም ነበር።

«ክንድ ከተሳበ ፊት ለምን አይወጠርም?» አለችኝ እናቴ። «ላንድ ቀን ቢሆን ምናለበት? እስኪያዩኝ ድረስ ብቻ።»

አስተማሪ የሆንኩት በዚያ በተሳበ ክንድ ነው። ትልቅ ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ ከእናቷ ጋር መርፌ ልታማርጥ ወጣች።

መጀመሪያ የሄድነው እዚያው ቢቸና ድሬሰሩ ቤት ነው። ሽማግሌው በክብር ተቀበሉን። መርፌያቸው ከሰል ላይ በተጣደ የጣሳ ውሃ ውስጥ ይንተከተካል፤ መደርደሪያቸው ላይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ትናንሽ ብልቃጦች ተደርድረዋል። አንዱን አንሥቼ አነበብኩት፤ ቫይታሚን ነው።

«ደም ነው» አሉ ሽማግሌው። «ደም ሲበዛ ፊት ይሞላል። ፊት ሲሞላ ሽብሽቡ የት ይቀመጣል?»

«የት ላይ ነው የሚወጉት ጋሼ?» አልኳቸው።

«መቀመጫ ላይ ነዋ።»

«ታዲያ ከመቀመጫ ግንባር ድረስ እንዴት ይደርሳል?»

«ደም ይዞራል ልጄ። አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

እናቴ በኩራት አየቻቸውና በቁጣ አየችኝ። ሦስት መርፌ ያስፈልጋል፣ በየሳምንቱ አንድ፤ ኮሚቴው የሚመጣው ከወር በኋላ ስለሆነ ጊዜው ይበቃል። እኔ እዚያው ላይ ተወግታ ነገሩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። እናቴ ግን ነጩን ሳታይ አልወጋም አለች። «ነጠላ እንኳን ሲገዛ ሁለት ሱቅ ይታያል» ብላ ቅዳሜ ሞጣ እንድንሄድ ወሰነች።

በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን በደብረ ወርቅ አድርገን ሄድን። መንገዱ ሁሉ አቧራ ነው። እናቴ ዕድሜ ልኳን ለፀሐይ ሰጥታው የኖረችውን ፊት ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ ሸፍናው ነበር። በየጉብታው ስንላተም ነጠላው ሲወርድባት ደንግጣ ትመልሰዋለች። ይህን ባየሁ ቁጥር ያ ጸሐፊ ትዝ ይለኛል፤ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

የሞጣው ሰውዬ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። ወጣት ነው፣ ነጭ ጋዋን ለብሷል፣ የደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። እናቴን ደጃፉ ላይ ብርሃን ወዳለበት አስቀመጣትና ግንባሯን በሁለት ጣቱ እየቆነጠጠ፣ በግ ነጋዴ የበግ ወገብ እንደሚዳስስ ዳሰሳት። ምንም አልጠየቃትም።

«አንድ ይበቃታል» አለኝ ለእኔ። «ሽብሽቡ ላይ ነው የምወጋው። እዚህ፣ እዚህና እዚህ ላይ ይከፈላል።»

«ግንባሯ ላይ?»

«በሽታው ያለው እዚያ አይደለም? መቀመጫ ላይ የሚወጉት ሥራውን የማያውቁ ናቸው።»

ብልቃጡን አሳየኝ አልኩት። ነጭ ዱቄት አለበት፤ ጽሑፉን ሳነበው ፔኒሲሊን ነው። ቶንሲል ባመመኝ ቁጥር የተወጋሁት መድኃኒት ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ።

«ይሄ ፔኒሲሊን እኮ ነው።»

«ብልቃጡ ነው የፔኒሲሊን። ውስጡ ያለው ሌላ ነው» አለኝ።

ይህ ያረጋጋኛል ብሎ መሆኑ ነው። ቀደም ብሎ የወጋቸውን ሰዎች ልይ አልኩት። አንዲት ሴት ነበረች፣ ፊቷ እንደ ልጃገረድ ሆኖላት ጎንደር ሄዳለች። ሌላስ? ሌላዋም ጎንደር ናት። ፊታቸው የተቃናላቸው የሞጣ ሴቶች ሁሉ ጎንደር ገብተዋል መሰለኝ። እናቴ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ነጠላዋን አውርዳ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ዓይኖቿን ጨፍና መርፌውን ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ የነበረውን ተስፋ ሳይ ይበልጥ ተናደድኩ። ክንዷን ይዤ አስነሣኋትና ጎትቼ አወጣኋት።

ገበያው መሐል ተጣላን። ሰው ቆሞ ያየን ነበር።

«ግንባሩ ያንቺ ነው የኔ?» አለችኝ።

«ዓይንሽ ቢጠፋስ?»

«ሥራየን ካጣሁ ባይኔ ምን ላይበት ነው? ያንቺን ደመወዝ ስትቆጥሪልኝ ልይበት?»

«እኔ አለሁልሽ አይደል እማየ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «የሰው ልብስ ሳጥብ የኖርኩት ማንም አለሁልሽ እንዳይለኝ ነው። አሁን ገና የመንግሥት ሠራተኛ ተባልኩ ስል፣ ገና በስሜ ስጠራ፣ አንቺ ደሞ መርፌ ከለከልሽኝ።»

ከሞጣ ቢቸና እስክንደርስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ያመጣሁላትን ዳቦም አልቀመሰችም። በእሷ ተናድጄ ነበር፣ በሰውዬው ተናድጄ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ግን የተናደድኩት በራሴ ነው። ነጩን ከለከልኳት፤ በምትኩ የምሰጣት ግን አንዳች ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ በቀዩ ተስማማን። ቫይታሚን ነው፣ ባይጠቅማትም አይጎዳትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሦስቱንም ጊዜ ይዣት ሄድኩ። መርፌው ሲገባ ቅንድቧን እንኳን አታነቃንቅም፤ ግንባር እንዳይጨማደድ ተጠንቅቃ ነው። ቤት ውስጥም መሳቅ ተወች፣ መኮሳተርም ተወች። ነገር ስነግራት ፊቷን ሳታንቀሳቅስ በከንፈሯ ብቻ ስትመልስልኝ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ጩኺ ጩኺ ይለኛል። ሦስተኛውን ከተወጋች በኋላ ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ምግብ ተስማማት። አንድ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሳያት ከልቤ «ተለሳልሷል እኮ» አልኳት። እሷን ላስደስት ብዬ ይሁን አይቼ ይሁን ዛሬም ለይቼ አላውቀውም።

ኮሚቴው መጣ። ሠራተኞቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል፤ እኔም ፈቃድ ጠይቄ እናቴን ተከትያለሁ። ከእኛ ፊት የነበረው ዘበኛው ነው። ምስኪኑ ሽበቱን እንዳያዩበት የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዱቄት፣ እኛ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ የምንቀባበትን፣ ፀጉሩን ተቀብቶ መጥቷል። ጠዋቱ ሞቃት ነበርና ላብ ሲያልበው ጥቁሩ በጆሮ ግንዱ በኩል እየተንጠባጠበ ኮሌታው ገባ። ከውስጥ የሳቅ ድምፅ ሰማን፤ ሲወጣም ማንንም ሳያይ በአጠገባችን አለፈ። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ።

«እማማ፣ ይግቡ» ተባለች።

እማማ የሚለውን ስሰማ ልቤ ወደቀ። በሩ ላይ እንድቆም ፈቀዱልኝ። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች አሉ፤ መሐል ያለው ሰብሳቢው ነው፣ በስተቀኙ ያለው የኮሚቴው ጸሐፊ ነው፣ ይጽፋል።

«ስንት ይሆንዎታል?» አላት ሰብሳቢው።

«አርባ ሦስት» አለች እናቴ፣ እንዳስጠናኋት።

ሦስቱም አዩዋት። ነጠላዋን ከአንገቷ በላይ ገለጥ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን መልሳ፣ ሳትተነፍስ ቆመች። ከዚያ የሚጽፈው ሰውዬ «አርባ አምስት፣ ቢበዛ አርባ ስድስት» አለ። ሰብሳቢውም ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊው በእርሳስ አርባ ስድስት ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አየሁ። ቀዩ መርፌ ይሁን እንቅልፉ፣ እናቴ አልፋለች።

ጸሐፊው የመፈረሚያ መዝገቡንና የአሻራ ቀለሙን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

«አሻራ አልሻም ጌታው» አለች እናቴ። «ስሜን እጽፋለሁ።»

መጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ለሌላው ሰው ሁሉ ፊደል ሳስቆጥር ውዬ፣ ማታ እጇን በእጄ ይዤ ስሟን አስጽፋት ነበር። ደመወዝ ስትቀበል ከጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ በፊርማ የምትወስደው እሷ ብቻ ናት፤ በዚህ የምትኮራውን ያህል በምንም አትኮራም። እስከዚያች ደቂቃ ነጠላዋ ውስጥ የነበረውን ቀኝ እጇን አወጣችና እስክሪብቶውን ጨበጠች።

ቀስ ብላ ነው የምትጽፈው። እያንዳንዷን ፊደል ትስላለች። ሦስቱ ሰዎች ሌላ የሚያዩት ነገር ስላልነበራቸው እጇን አዩ። አንጓዎቿ አብጠዋል፤ ጣቶቿ ስንጥቅጥቅ ብለዋል፤ ጥፍሮቿ አልቀዋል፤ የእጇ ጀርባ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጨማድዷል። ለዚህ እጅ ማን መርፌ አማረጠለት? እኔስ ብሆን መቼ አየሁት?

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዘንበል ብሎ በእንግሊዝኛ «እጇን ተመልከት» አለው። «ፊቷን ቀብታው ይሆናል፤ ይሄ የስልሳ ዓመት እጅ ነው።» እናቴ እንዳትሰማ አስቦላት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል።

አፌን ከፈትኩ። በአማርኛ ብናገር እናቴ ትሰማለች፤ ነገሩን ያበላሸሁት እኔው በገዛ እጄ፣ በፊርማዬ ነው ብላ ዕድሜ ልኳን ስትብሰለሰል ትኖራለች። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ልናገር አልኩ፤ እንዶድን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። «ሳሙና» አልኩ፣ «ወንዝ» አልኩ፣ «ብዙ ዓመት» አልኩ። ሰብሳቢው እንደ ዕብድ አየኝ። ጸሐፊው አርባ ስድስቱን በላጲስ አጥፍቶ በብዕር ሃምሳ አምስት ብሎ ጻፈ። እናቴ ስሟን ጨርሳ ቀና ስትል ሥራው አልቋል፤ ሰብሳቢው ሃምሳ አምስት መባሏን ነገራት።

ተያይዘን ወደ ቤት ሄድን። እናቴ ታስባለች። ለሳምንታት እንዳይታጠፍ የጠበቀችውን ግንባሯን አሁን እንደፈለገ ትታዋለች።

«መጀመሪያማ አርባ ስድስት ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «ኋላ ጠጋ ብሎ ሲያየኝ ነው የለወጠው። ቀዩ ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አልያዘም ማለት ነው።»

ጥቂት እንደተራመድን ወደ እኔ ዞረች።

«እንዲያው ልጀ፣ ነጩን ብወጋ ኖሮስ?»

ቆም ብዬ አየኋት። ልነግራት የሚገባው እውነት ምላሴ ላይ ነበር። «አዎ እማየ» አልኳት፤ «ነጩ ይሻል ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩሽ።»

«ግድየለም» አለችኝ። «አውቀሽ አይደለም።» እጇን አንሥታ ራሴን ስትዳብሰኝ ጣቶቿ ፀጉሬ ላይ ያዝ ያዝ አደረጉ።